የአብራሪው እንቅልፍ የማን ጉዳይ ነው?

«አየር መንገዳችንን አትንኩብን!» የሚለው ቁጣ በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የታወቀ ነው። በብዙ ነገር የማንስማማ ሕዝብ ነን። በሰንደቅ ዓላማው፣ በታሪኩ፣ በሕገ መንግሥቱ ስንጨቃጨቅ ዘመን አልፏል። በጅራቱ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በተቀባው አውሮፕላን ላይ ግን ሁላችንም አንድ ነን። ዘውዱ አቋቋመው፤ ደርግ በዚያ ሁሉ ውርስና ውድመት መካከል ሊያፈርሰው አልደፈረም፤ ኢሕአዴግ ኮራበት፤ የዛሬዎቹም ይኮሩበታል። እኔም እኮራበታለሁ። በ1938 ዓ.ም. በዳኮታ አውሮፕላን ወደ ካይሮ ተነሥቶ ዛሬ በአምስት አህጉር የሚያርፍ ድርጅት ያለው ድኻ አገር ብዙ አይደለም።

ዳሩ ግን ይህ ኩራት ቀስ በቀስ መጋረጃ ሆኗል። ከመጋረጃው በስተጀርባ የተቀመጠ አንድ ሰው አለ፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ወደ አዲሱ አውሮፕላን ከተዛወረ ስንት ወር እንደሆነው የምንጠይቅለት ሰው የለም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ነው።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በቤይሩት አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ገደማ፣ በረራ ቁጥር 409 በነጎድጓድ ዝናብ ውስጥ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ገባ። በውስጡ ከነበሩት 90 ሰዎች አንድም አልተረፈም። ብዙዎቹ ሊባኖሳውያን ነበሩ፤ ከሰው ቤት ሠርተው ወደ እናታቸው ቤት የሚመለሱ እኅቶቻችንም ነበሩባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሊባኖስ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርታቸውን አወጡ፤ ጥፋቱንም በአብራሪዎቹ ላይ አደረጉት። የኢትዮጵያ ወገን ሪፖርቱን ፈጽሞ አልቀበልም አለ፤ አውሮፕላኑ አየር ላይ በፍንዳታ ተበታትኗል የሚል ክርክርም አቀረበ። በዚህ ክርክር ማን እንደረታ ለመፍረድ እዚህ አልተቀመጥሁም። እኔን ከዐሥር ዓመት በላይ ሲያባንነኝ የኖረው በዚያው ሪፖርት ውስጥ፣ አስተዋጽዖ አድርገው ሊሆን ይችላል ከተባሉት ነገሮች መካከል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጻፈው ነው። ይኸውም ካፒቴኑ ለእርሱ አዲስ በሆነ የአውሮፕላን ዓይነት ላይ፣ በ51 ቀናት ውስጥ በተከታታይ 188 ሰዓት መብረሩን፣ ዕረፍቱም ከሕጉ የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ የማይዘል እንደነበረ፣ ይህም ሥር የሰደደ ድካም ሳያስከትልበት እንዳልቀረ የሚናገረው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብለህ አንብበው። ሁለት ነገሮችን አጋጥሟል፤ አዲስ አውሮፕላንንና ጠባብ ዕረፍትን። ለየብቻቸው ቢሆኑ ሁለቱንም ሰው ይሸከማቸዋል። ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የተዛወረ አብራሪ ግን፣ ምንም ያህል የበረራ ልምድ ቢኖረው፣ እጁና ዓይኑ እንደገና ተማሪዎች ናቸው። በቀን ብርሃን፣ በጸጥታ ሰማይ ይህ አይታወቅም። በጨለማ፣ በመብረቅ መካከል፣ ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ነው እጅ ወደ ቀድሞ ልማዱ ልመለስ የሚለው። ያን ጊዜ የሚያድነው ንቁ አእምሮ ነው። የደከመ አእምሮ ደግሞ መድከሙን እንኳ አያውቅም፤ የድካም ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሰካራም ጎረቤቱ ያየዋል፤ የደከመን ሰው ግን ራሱም አያየው።

እናም እጠይቃለሁ፦ ሊባኖሳውያኑ ተሳስተው ከሆነ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ማፍረስ ምን ያህል ይከብድ ነበር? ጥቁር ሣጥኑ የወጣው ከባሕር ሥር ነው። የካፒቴኑ የሥራ ሠንጠረዥ ግን አንድም ቀን ባሕር ውስጥ አልገባም፤ ያለው ቦሌ ነው። ስለ ፍንዳታው ስንከራከር ስለ ሠንጠረዡ የተናገረን አለቃ እኔ አላየሁም፤ አልሰማሁም።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ቦይንግ 737 መውረድ በሚገባው ቦታ ሳይወርድ፣ 37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ የቦሌን ማኮብኮቢያ አልፎ ሄደ። ተቆጣጣሪዎቹ ደጋግመው ተጣሩ፤ መልስ አልነበረም። በዜናው እንደተነገረው ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። በመጨረሻ አውቶፓይለቱ ሲላቀቅ የጮኸው ደወል ቀሰቀሳቸው፤ ከ25 ደቂቃ ያህል በኋላም በሰላም አረፉ። ዓለም ሳቀ፤ እኛም በየገጻችን ተሣሣቅን። አየር መንገዱ ሁለቱን ከሥራ አገለለና ምርመራ እየተደረገ ነው አለ። ወሬው በዚሁ በረደ።

ለመሆኑ አንድ ሰው ሲተኛ ስንፍና ሊሆን ይችላል እንበል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ ሁለቱም ሕይወታቸው በእጃቸው ላይ ያለ ሰዎች፣ ሁለት ሰዓት በማይሞላ በረራ ላይ በአንድ ጊዜ ሲተኙ ግን ስንፍና የሚለው ቃል አይበቃም። ያ የሂሳብ ጉዳይ ነው። ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ሌሊት ሠሩ? ስንት ሰዓት ተኙ? ሠንጠረዡን ያወጣው ማን ነው? እርሱስ ተጠየቀ ወይ?

ከእኛ የማይሻሉ ናቸው ብለን የምንገምታቸው ኢንዶኔዥያውያን ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከኬንዳሪ ወደ ጃካርታ የሚበር የባቲክ ኤር አውሮፕላን 153 መንገደኞች ይዞ ሳለ ሁለቱም አብራሪዎች 28 ደቂቃ ያህል ተኙ። የአገሪቱ መርማሪዎች ብዙ ሳይቆዩ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርታቸውን ለሕዝብ አወጡ። በውስጡም ረዳት አብራሪው የአንድ ወር መንታ ሕፃናት እንዳሉት፣ ሌሊት ሌሊት ሚስቱን እየረዳ እንቅልፍ ያጣ እንደነበር፣ ቤት ለውጦ ዕቃ ሲያጓጉዝ እንደሰነበተ ተጻፈ። ይህን ያነበበ ሰው አይሥቅም። መንታ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ምርመራ ማለት ይህ ነው፤ ማን ተኛ ከማለት አልፎ ለምን ተኛ ማለት።

የሰው ልጅ ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው፤ ባለሙያዎቹ እንደሚሉት ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ንቃቱ እስከ ታች ይወርዳል። ደብተራ ማኅሌት ቆሞ የሚያውቀው ሰዓት ነው፤ ጥበቃ የሚያድር ዘበኛም ያውቀዋል። አሁን የቦሌን ሥራ ተመልከቱ። አውሮፕላኖቹ ማታና እኩለ ሌሊት አካባቢ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካና ወደ እስያ ይነሣሉ፤ ከየአህጉሩ የሚመጡት ማለዳ ይገባሉ፤ ረፋድ ላይ ያንኑ መንገደኛ ይዘው ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ፤ ማታ ተመልሰው ይሰበሰባሉ። ከዋሽንግተን የሚመጣው ወገኔ ጎሕ ሲቀድ የእንጦጦን ሰንሰለት በመስኮት የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። ንግዱ የተቃና ነው፤ አዲስ አበባን የአፍሪካ መገናኛ ያደረጋት ይኸው ጥበብ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ይህ ማዕበል በሌሊት ላይ የተሠራ ስለሆነ ዋጋውን የሚከፍለው ሌሊቱን የሚሠራው ሰው ነው። (በነገራችን ላይ ወደ አሜሪካ ስንሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት የምናርፈው ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ነው፤ አየሩ ስስ ነው፤ ከባድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ ይዞ ሊነሣ አይችልም። አብራሪው ግን ያችን መቆሚያ ሁሉ ይቆጥራታል።)

አንድ የማውቀው አብራሪ አለ። ስሙንም የሚሠራበትንም ድርጅት አልጠቅስም። «በወረቀት ላይ ዐሥር ሰዓት ዕረፍት ይላል» አለኝ አንድ ቀን፤ «ከዚያ ላይ የኢሚግሬሽኑን ሰልፍ ቀንስ፣ የሆቴሉን መኪና መጠበቅ ቀንስ፣ እራት ቀንስ፣ ልብስ መተኮስ ቀንስ፣ ለመነሣት ቀድሞ መንቃትን ቀንስ። የቀረው ውስጥ በቀን ብርሃን መጋረጃ ዘግተህ ተኛ ትባላለህ። እንቅልፍ በትእዛዝ ይመጣል እንዴ?» እኔ መልስ አልነበረኝም።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አገሮች የአብራሪዎችን የበረራ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓት በሕግ እንዲወስኑ ያስገድዳል፤ ቁጥሩን ግን ለየአገሩ ይተወዋል። ስለዚህ ቁጥሩ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የጉልበት ጉዳይ ሆኖ ይወጣል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1993 ጓንታናሞ ላይ አንድ የጭነት አውሮፕላን ሲከሰከስባቸው፣ ካፒቴኑ ከ23 ሰዓት በላይ ነቅቶ እንደነበር አወቁ፤ ድካም የአደጋው መንሥኤ ተብሎ በብሔራዊ መርማሪያቸው ሲጻፍ የመጀመሪያው ነበር። አወቁ፤ ግን ሕጉን አልለወጡም። እስከ መቼ? እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 በቡፋሎ አቅራቢያ 50 ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ። የዚያን አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ሌሊቱን ከሲያትል በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ስትጓዝ አድራ ነበር ወደ ሥራ የገባችው። የሟቾቹ ቤተሰቦች ፎቶግራፍ አንግበው የምክር ቤቱን በር ባይደበድቡ ኖሮ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የዕረፍት ደንብ ባልመጣ ነበር። በዚያም ላይ ደንቡ የጭነት አውሮፕላን አብራሪዎችን ከጥበቃው አስወጣቸው፤ ወጪው ይበዛል ተብሎ! ሣጥን የሚጭን ሰው እንቅልፍ አያስፈልገውም ይመስል። የተከሰከሰው የመጀመሪያው ምስክር ራሱ የጭነት አውሮፕላን እንደነበር ልብ በሉ።

በቅርቡም ሕንድ ተመሳሳይ ትምህርት ሰጥታናለች። መንግሥት ሳምንታዊውን ዕረፍት ከ36 ወደ 48 ሰዓት ከፍ አደርጋለሁ፤ አንድ አብራሪ በሌሊት የሚያርፈውን ከስድስት ወደ ሁለት እቀንሳለሁ ብሎ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 አወጀ። ኩባንያዎቹ አስጮኹት፤ አዘገዩት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል ትልቁ ኩባንያ ኢንዲጎ በቂ ሰው ሳያዘጋጅ ቆይቶ ነበርና በታኅሣሥ በሺሕ የሚቆጠሩ በረራዎችን ሰረዘ። ሕዝቡ በየአውሮፕላን ማረፊያው ወለል ላይ አደረ። መንግሥትስ ምን አደረገ? ለኩባንያው ጊዜያዊ ነጻነት ሰጠው! ሕጉ ተፈትኖ ወደቀ ሊባል አይችልም፤ የተፈተነው መንግሥት ነው።

እነዚያ አገሮች ግን ቢያንስ የሚጮኽ አላቸው። የእኛ አገር ጉዳይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አየር መንገዱ የመንግሥት ነው። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የመንግሥት ነው። የቢሾፍቱውን አደጋ የመረመረው ቢሮ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አካል ነበር። ባለቤቱ፣ ዳኛውና መርማሪው ከአንድ ማዕድ ሲቆርሱ ማን ማንን ይጠይቃል? ሠራተኛው እንዳይጠይቅም በሕግ በኩል በሩ ጠባብ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና በ2011 ዓ.ም. የተተካው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የአየር ትራንስፖርትን ሥራ ማቆም ከማይፈቀድባቸው አስፈላጊ አገልግሎቶች መድቦት ነበር፤ የዓለም የሥራ ድርጅት ባለሙያዎች ይህን ከዝርዝሩ አውጡ እያሉ ዓመታት ቢወተውቱም ሰሚ አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ደመወዛችን ይስተካከል ብለው ሥራ ባቆሙ ጊዜ የሆነውንም አልረሳነውም፤ ዘጠኝ ሰዎች ታሰሩ። አብራሪው ይህን ሁሉ ከመስኮቱ ያያል። «ደክሞኛል፣ ዛሬ አልበርም» ለማለት አፉን ሲከፍት ስለ እነዚያ ዘጠኝ ሰዎች አያስብም ትላላችሁ?

ስለ አዲስ አውሮፕላን ከተነሣ የቢሾፍቱውን ሳላነሣ አላልፍም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ያለቁበት ቦይንግ 737 ማክስ፣ ለዓለም አየር መንገዶች የተሸጠው «አብራሪዎቻችሁን በሲሙሌተር ማሠልጠን አያስፈልጋችሁም» በሚል ማባበያ ነው። አሮጌውን 737 ያወቀ አዲሱንም በኮምፒዩተር ትምህርት ብቻ ያውቀዋል ተባለ። ቦይንግ ለአሜሪካው ሳውዝዌስት፣ የሲሙሌተር ሥልጠና ግዴታ ከሆነ በእያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር እቀንሳለሁ ብሎ እስከ መዋዋል ደርሶ ነበር። አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፍቀው ሥርዓት ከመኖሩም በላይ መኖሩ ለአብራሪዎች አልተነገረም፤ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር በጥቅምት 2011 ዓ.ም. 189 ሰው ይዞ እስኪወድቅ ድረስ። የ29 ዓመቱ ካፒቴናችንና የ25 ዓመቱ ረዳቱ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የታገሉት ከዚህ ጋር ነው። ወንጀሉ የቦይንግ ነው፤ በዚህ ላይ የማወላውል አይደለሁም።

ነገር ግን የእኛ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የበረራ ሠራተኞቹ ሥራና ሥልጠና በበቂ አልተመረመረም ብለው አስተያየት ጻፉ። የእኛ ሰዎች ይህን የቦይንግ ጥብቅና አድርገው አዩት። ሊሆንም ይችላል። ግን ሥልጠናን መመርመር ለምን እንደ ስድብ ይቆጠርብናል? አብራሪው በቂ ሥልጠና አልተሰጠው እንደሆነ ያፈረው እርሱ አይደለም፤ ያልሰጠው ነው። ጥያቄውን ስናፍን የሟቾቹን ስም የጠበቅን ይመስለናል፤ የጠበቅነው የአለቆችን ወንበር ነው።

ይህ ያለፈ ነገር ነው የሚለኝ ካለ ወደ ፊቱን ይመልከት። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዱባይ ትርኢት ላይ አየር መንገዱ በአንድ ሳምንት ውስጥ 11 ቦይንግ 787፣ 20 ቦይንግ 737 ማክስና 11 ኤርባስ ኤ350 ለመግዛት ተስማማ። እ.ኤ.አ. በ2035 የአውሮፕላኖቹን ቁጥር 271 ለማድረስ አቅዷል። ዕልል እንበል፤ ይገባዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ አዲስ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ከታች ያለው ሁሉ ይንቀሳቀሳል፦ የዳሽ አብራሪው ወደ 737፣ የ737 ረዳቱ ወደ 787፣ የ787ቱ ወደ ኤ350፤ ረዳቱ ካፒቴን፣ ካፒቴኑ አሠልጣኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አዲስ ይሆናሉ። ብረቱን በብድር ይገዙታል፤ ቀኑ ሲደርስም ከፋብሪካው ይወጣል። ሰው ግን በትእዛዝ አይመረትም። የብረቱ ቁጥር ከሰዉ ቁጥር ከቀደመ ልዩነቱ የሚሞላው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከነባሩ አብራሪ ዕረፍት።

«አብራሪ በአገራችን ደኅና ከሚከፈላቸው ነው፤ ምን አነሰውና?» የሚሉኝ አሉ። ከመምህሩና ከሐኪሙ ጋር ሲወዳደር እውነት ነው። እኔ ግን የማወራው ስለ ደመወዝ አይደለም። እንቅልፍ በብር አይገዛም፤ በዶላርም አይገዛም። «የደኅንነት ታሪካችን ከአፍሪካ የተመሰገነ ነው» የሚሉም አሉ። ይህም እውነት ነው፤ ያንን ታሪክ የሠሩት ግን እነዚሁ ሰዎች ናቸው። በኅዳር 1989 ዓ.ም. ጠላፊዎች ነዳጁ እስኪያልቅ ያስበረሩትን 767 ኮሞሮስ ባሕር ላይ አሳርፎ 50 ነፍስ ያተረፈው ካፒቴን ልዑል አባተ የሠንጠረዥ ቁጥር አልነበረም። በኮሮናው ዘመን አየር መንገዱ ድጎማ ሳይለምን ቆመ ብለን ስናጨበጭብ፣ ወንበራቸው በተነሣ አውሮፕላኖች መድኃኒትና ጭንብል ይዘው በዝጉ ዓለም ላይ የበረሩት እነርሱ ናቸው። «የአገር ጠላት ያስደስታል» ለሚሉኝ ደግሞ መልሴ አጭር ነው፦ ጠላትን የሚያስደስተው የወደቀ አውሮፕላን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የአብራሪዎች የሥራና የዕረፍት ሰዓት ገደብ ተሳፋሪው ሊያነብበው በሚችል አማርኛ ይውጣ፤ በየዓመቱም ስንት አብራሪ ወደ ገደቡ ጫፍ እንደደረሰ ባለሥልጣኑ ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ይናገር። «ደክሞኛል» ብሎ የጻፈ አብራሪ ወረቀቱ ወደ ቅርብ አለቃው ጠረጴዛ ሳይሆን ሊቀጣው ወደማይችል እጅ ይግባ። ወደ አዲስ ዓይነት አውሮፕላን የተዛወረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመደብበት ሌሊት ይቀነስለት፤ ከእርሱ ጋር የሚጣመረውም አውሮፕላኑን የለመደ ይሁን። የአደጋ መርማሪው ከሚኒስትሩ ቢሮ ወጥቶ ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምንም አዋጅ የማይጠይቅ፣ በአንድ ቀን ሊፈጸም የሚችል ነገር አለ። የሊባኖስ መርማሪዎች የጠቀሱትን የዚያን የ51 ቀን የሥራ ሠንጠረዥ ይግለጡልን፤ የሟቾቹን ስም ሸፍነው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ትተው። ሊባኖሳውያኑ ዋሽተው ከሆነ ውሸታቸው በአንድ ገጽ ላይ ይታያል።